የካራቫን ውሃ ማሞቂያ ሴፍቲ ቫልቭ ሲያንጠባጥብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች የሚመለከቱት በካራቫንና በሞተርሆም ውስጥ የሚገጠሙትን፣ ውሃ በታንክ አጠራቅመው በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ የሚያሞቁትን ትናንሽ ማሞቂያዎች ነው። ታንክ የሌላቸውና ውሃው በሚያልፍበት ቅጽበት ብቻ የሚያሞቁት ዓይነቶች አሠራራቸው ስለሚለይ እዚህ አልተካተቱም።

ይህ ቫልቭ ምንድን ነው? ሥራውስ ምንድን ነው?

ከተሽከርካሪው ውጭ የማሞቂያውን መዝጊያ ሲከፍቱ ከታንኩ የላይኛው ክፍል ወጣ ብሎ የሚታየው፣ ትንሽ ማንሻ ያለው የነሐስ ቫልቭ ነው። ሙሉ ስሙ የግፊትና የሙቀት ማስተንፈሻ ቫልቭ ቢሆንም ብዙ ሰው ሴፍቲ ቫልቭ ይለዋል፤ እዚህም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ስሙ እንደሚያመለክተው የሚጠብቀው ሁለት ነገር ነው። በታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት 150 ፒኤስአይ፣ ማለትም 10 ባር ከጥቂት ሲደርስ፣ ወይም የውሃው ሙቀት 99 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ውጭ ይለቃል። ግፊቱን የሚይዘው በውስጡ ያለው ጠንካራ ሞላ ሲሆን፣ ሙቀቱን የሚለካው ወደ ታንኩ ውስጥ የሚዘልቀው ቀጭን ዘንግ ነው።

በደህናው ጊዜ ቫልቩ ሥራ የለውም። ቴርሞስታቱ ውሃው ከ54 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ ማሞቂያውን ያጠፋዋል፤ ቴርሞስታቱ ቢበላሽ እንኳ 82 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚቆርጥ ሌላ መከላከያ አለ። ሴፍቲ ቫልቩ ተራው የሚደርሰው እነዚህ ሁለቱ ሲከሽፉ ወይም ሙቀቱ ልክ ሆኖ ሳለ ግፊቱ ብቻ ሲያይል ነው። በካራቫን ላይ እጅግ የሚበዛው ይህ ኋለኛው ነው።

የሚያንጠባጥበው ውሃው በሚሞቅበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ያቆማል። ቫልቩ ተበላሽቷል ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ይህ ምልክት ያለበት ቫልቭ በአመዛኙ ደህና ነው፤ እንዲያውም ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያደርገው አዲስ ቫልቭ ገዝቶ መቀየር ነው፤ አዲሱም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደ አሮጌው ማንጠባጠብ ሲጀምር ሻጩን ይወቅሳል።

ምክንያቱን ለመረዳት ከውሃው ጠባይ መነሣት ያስፈልጋል። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 15 ዲግሪ የነበረ ውሃ 60 ዲግሪ ሲደርስ ይዘቱ በ1.6 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ትንሽ ቢመስልም 23 ሊትር በሚይዘው፣ 6 ጋሎን በሚባለው የተለመደ ታንክ ውስጥ 370 ሚሊ ሊትር ያህል ትርፍ ውሃ ማለት ነው፤ በ38 ሊትሩ ታንክ ደግሞ ከ600 ሚሊ ሊትር ይበልጣል። ትርፉ ውሃ ወደ መጣበት መስመር እንዳይመለስ የካራቫኑ ፓምፕም ሆነ የውጭ ውሃ የሚሰካበት መግቢያ ቼክ ቫልቭ አላቸው፤ ውሃው ይገባል እንጂ ተመልሶ አይወጣም። ቧንቧዎቹም ሁሉ ተዘግተው ከሆነ ትርፉ ውሃ መሄጃ የለውም ማለት ነው። ውሃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅምና ግፊቱ በፍጥነት ያሻቅባል።

አምራቾች ይህን አስበው ከታንኩ ጣሪያ ሥር የአየር ክፍተት እንዲኖር አድርገዋል። አየር ስለሚታመቅ ውሃው ሲሰፋ ወደዚያ ክፍተት ይገፋል፤ አየሩም እንደ ትራስ ሆኖ ግፊቱን ይቀበላል። ክፍተቱ በውሃ ሲሞላ ግን ትራሱ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ግፊቱ 150 ፒኤስአይ ይደርስና ቫልቩ ጥቂት ውሃ አውጥቶ መልሶ ይዘጋል። እርስዎ የሚያዩት ጠብታ ይህ ነው።

አየሩ ታዲያ የት ይሄዳል?

በግፊት ሥር ያለ አየር ጥቂት በጥቂት ወደ ውሃው ይሟሟል፤ ሙቅ ውሃ በተጠቀሙ ቁጥርም አብሮ ይወጣል። ማንም ሳይነካው፣ ምንም ነገር ሳይበላሽ የሚሆን ነገር ነው።

የአየሩን ክፍተት እንዴት ልመልስ?

ከሁሉ በፊት ውሃው መቀዝቀዝ አለበት። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የሰውን ቆዳ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የቫልቩ አፍ ደግሞ የሚከፈተው ፊት ለፊት ወደቆመው ሰው ነው። ስለዚህ ጋዙንም ኤሌክትሪኩንም አጥፍተው ጥቂት ሰዓታት ይጠብቁ፤ መጠበቅ ካልቻሉ ከውስጥ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተው ቀዝቃዛ ውሃ እስኪመጣ ያፍስሱ።

ውሃው ከቀዘቀዘ በኋላ የውጭውን ውሃ ይዝጉ፤ ፓምፑንም ያጥፉ። ከዚያ በተሽከርካሪው ውስጥ ለማሞቂያው የሚቀርበውን የሙቅ ውሃ ቧንቧ ይክፈቱና በመስመሩ ውስጥ የቀረው ግፊት ይተንፍስ። ቧንቧውን እንደተከፈተ ትተው ወደ ውጭ ይውጡ፤ የሴፍቲ ቫልቩን ማንሻ ወደ ራስዎ ስበው አግድም አቁመው ይያዙት። ከቫልቩ አፍ ውሃ ይፈስሳል። ውሃው ከቫልቩ ከፍታ በታች ሲወርድ በራሱ ያቆማል፤ እስኪያቆም ድረስ ማንሻውን አይልቀቁ። ውሃው መፍሰሱን ሲያቆም ማንሻውን ይልቀቁት፤ ሞላው በኃይል ስቦ ይዘጋዋል፤ ይህም በመቀመጫው ላይ ያለችውን ቆሻሻ ለማራገፍ ይረዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቅደም ተከተል በብዙዎች ዘንድ ይዘነጋል። ውሃውን መልሰው ከመክፈትዎ በፊት በውስጥ የከፈቱትን የሙቅ ውሃ ቧንቧ ይዝጉት። ቧንቧው ክፍት ሆኖ ውሃ ካስገቡ፣ ሊያስቀምጡት የደከሙበት አየር በዚያው ቧንቧ ሊወጣ ይችላል። ከዘጉ በኋላ ውሃውን ይክፈቱ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ቫልቩ ደረቅ መሆኑን ይዩ፤ ከዚያ ማሞቂያውን ያብሩ። በመጀመሪያ ጊዜ ሙቅ ውሃ ሲከፍቱ ቧንቧው አየር እያንኳኳ ቢተፋ አያስደንግጥዎ።

ይህን በየስንት ጊዜው ማድረግ አለብኝ?

ማንጠባጠቡ በተመለሰ ጊዜ ነው። አንዳንዱ በዓመት አንዴ ይበቃዋል፤ ካራቫኑን ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት ሰው ደግሞ በየወሩ ሊያስፈልገው ይችላል። የቫልቭ አምራቾች ያለ ችግርም ቢሆን ማንሻውን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ እንደሚገባ ስለሚያሳስቡ ሁለቱን በአንድ ላይ መጨረስ ይቻላል።

በየጊዜው መመላለሱ ሰለቸኝ። ዘላቂ መፍትሔ የለውም?

አለው። የግፊት ማመጣጠኛ የምትባል፣ በውስጧ ጎማ ያላት ትንሽ ታንክ በመስመሩ ላይ ማስገጠም ነው። ጎማው በአንድ ወገን አየር፣ በሌላው ወገን ውሃ ስለሚይዝ አየሩና ውሃው አይገናኙም፤ ስለዚህ አየሩ አይሟሟም። ሁለት ነገሮችን ግን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ በማመጣጠኛውና በማሞቂያው መካከል ቼክ ቫልቭ መኖር የለበትም፤ ካለ ትርፉ ውሃ ማመጣጠኛው ጋ አይደርስምና የገጠሙት ዕቃ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። አንዳንድ ማሞቂያዎች በራሳቸው መግቢያ ወይም መውጫ ላይ ቼክ ቫልቭ ስላላቸው ከመግጠምዎ በፊት የትኛው ወገን ክፍት እንደሆነ ያረጋግጡ። ሁለተኛ፣ የማመጣጠኛው አየር የሚሞላው መስመሩ ውሃ ሳይኖረው ሲሆን፣ መጠኑም ፓምፑ ሥራ ከሚጀምርበት ግፊት ጋር ተቀራራቢ መሆን ይኖርበታል።

ማመጣጠኛ እስኪገጥሙ ድረስ የሚያገለግል ቀላል ዘዴም አለ። ማሞቂያው ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ከፍቶ መዝጋት ትርፉን ውሃ ያወጣዋል። መፍትሔ ልለው አልደፍርም፤ ለአንድ ሌሊት ግን ይበቃል።

በፓምፕ ስጠቀም ደህና ነው፤ ከውጭ ቧንቧ ጋር ስሰካው ግን ያንጠባጥባል። ለምን?

የውጭው ውሃ ግፊት ከፓምፑ ስለሚበልጥ ነው። የካራቫን ፓምፖች በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ፒኤስአይ ሲደርሱ ራሳቸውን ያጠፋሉ። የመቆሚያ ሥፍራዎች ውሃ ግን ከዚያ በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል፤ በተለይ ሌሊት ተጠቃሚው ሲያንስ ግፊቱ ይጨምራል። የመግቢያው ግፊት ከፍ ባለ መጠን በታንኩ ያለው አየር ገና ማሞቂያው ሳይበራ ተጨምቆ ይጠብባል፤ ለሚሰፋው ውሃ የሚቀረው ቦታም ያንሳል።

መፍትሔው የግፊት መቀነሻ ነው። የሚገጠመው ከካራቫኑ ጎን ሳይሆን ከውጭው ቧንቧ አፍ ላይ ነው፤ እንዲህ ከሆነ የውሃ ጎማውም ከመፈንዳት ይድናል። ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ ለአብዛኛው ካራቫን በቂ ነው። መለኪያ ያለውንና የሚስተካከለውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ መለኪያ የሌለው መቀነሻ ቢበላሽ የሚያውቁት ሌላ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነውና።

ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለም ያንጠባጥባል።

እዚህ ላይ ጥርጣሬው ወደ ቫልቩ ራሱ ይዞራል። በመጀመሪያ ከላይ እንደተባለው የመግቢያውን ግፊት ይለኩ። ግፊቱ ልክ ከሆነ፣ በቫልቩ መቀመጫ ላይ የኖራ ቅንጣት፣ የዝገት ፍርፋሪ ወይም በቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው የቴፍሎን ቁራጭ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። ኖራ የበዛበት ውሃ ባለበት አካባቢ ይህ የተለመደ ነው። ውሃው ቀዝቅዞ፣ መስመሩ ግፊት እንዳለው ማንሻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከፍተው በድንገት ይልቀቁት፤ በኃይል የሚወጣው ውሃ ቅንጣቱን አጥቦ ሊወስደው ይችላል። ከዚህ በኋላ የአየሩን ክፍተት መመለስ ስለሚያስፈልግ ከላይ የተጻፈውን ይድገሙ።

ይህ ካልረዳ መቀመጫው ተበልቷል ወይም ሞላው ደክሟል ማለት ነው። ቫልቩን ፈትቶ ለመጠገን መሞከር አይገባም፤ ይቀየራል።

ለዓመታት ያልነካሁትን ማንሻ ሳንቀሳቅሰው ከነጭራሹ መፍሰስ ጀመረ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት?

ቫልቩ ቀድሞውኑ በኖራ ተለስኖ ነበር፤ እርስዎ ያደረጉት ልስኑን መስበር ነው። ሳይነኩት ቢተዉት ኖሮ ውሃ አያፈስም ነበር፤ ነገር ግን በሚያስፈልግበት ቀንም ላይከፈት ይችል ነበር።

የሚወጣው ጠብታ ሳይሆን እንፋሎት ነው።

ማሞቂያውን ወዲያውኑ ያጥፉ፤ ጋዙንም ከሲሊንደሩ ይዝጉ። የፈላ ውሃ ወይም እንፋሎት የሚወጣው ቴርሞስታቱም ሁለተኛው መቁረጫም ሳይሠሩ ሲቀሩ ነው። ማንሻውን አይንኩ፤ ቀዝቃዛ ውሃም ለማስገባት አይሞክሩ። ታንኩ በራሱ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ ርቀው ይጠብቁ። ቴርሞስታቱና መቁረጫው በባለሙያ ሳይታዩ ማሞቂያው ዳግም መብራት የለበትም።

ለጊዜው አፉን በቡሽ ወይም በክዳን ብዘጋውስ?

በፍጹም። ውሃ በ10 ባር ግፊት ሥር ሆኖ ከ180 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለ ውሃ የያዘ ታንክ ቢቀደድ ግፊቱ በቅጽበት ይወርድና የውሃው አንድ ክፍል በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን 1,600 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ይህም የሚሆነው ከመኝታዎ አልጋ አንድ ሜትር ርቆ ባለ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። በዚሁ ምክንያት ከቫልቩ መውጫ በኋላ መክፈቻና መዝጊያ ያለው ቧንቧ መግጠምም ክልክል ነው። ውሃው የተሽከርካሪውን ጎን እንዳያበላሽ ወደ ታች የሚመራ ቱቦ ማድረግ ከፈለጉ ቱቦው ከቫልቩ አፍ ያልጠበበ፣ ወደ ታች ያዘነበለና ጫፉ ክፍት መሆን አለበት።

ፍሳሹ በእርግጥ ከሴፍቲ ቫልቩ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ሁሉንም በጨርቅ አድርቀው ከላይ ወደ ታች በደረቅ ወረቀት ይፈትሹ። ወረቀቱ በቫልቩ አፍ ላይ ከረጠበ እስካሁን የተባለው ሁሉ ይመለከትዎታል። የረጠበው ቫልቩ ወደ ታንኩ በሚገባበት ጥርስ ዙሪያ ከሆነ ቫልቩን ፈትቶ በአዲስ ቴፍሎን መመለስ ሊበቃ ይችላል። ከታች ያለው ማፍሰሻ ከረጠበም መልሱ ቀላል ነው። እንደ ሰበርባን ያሉት የብረት ታንኮች በማፍሰሻው ላይ ታንኩን ከዝገት የሚያድን የአኖድ ዘንግ አላቸው፤ እሱን አውጥተው ያዩታል፤ ሦስት አራተኛው ከተበላ ይቀይሩታል። እንደ አትዉድ ያሉት የአሉሚኒየም ታንኮች ደግሞ አኖድ አይፈልጉም፤ ማፍሰሻቸውም የፕላስቲክ ነው፤ በብረት መተካት የታንኩን ጥርስ ያበላሻል።

ውሃው ከታንኩ መሸፈኛ ፎም ውስጥ የሚወጣ ከሆነ ግን ታንኩ ራሱ ተበስቷል። ለዚህ ጥገና የለውም።

ቫልቩን ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ቁልፍ ይዞ የቧንቧ ሥራ የሞከረ ሰው ይችላል። ከባዱ ነገር ትክክለኛውን ቫልቭ መምረጥ ነው። የጥርሱ መጠን በአብዛኛው ግማሽ ኢንች ወይም ሦስት አራተኛ ኢንች ነው። ከዚህ ሌላ በአሮጌው ላይ የተጻፈው የግፊት መጠን፣ የሙቀት መጠንና የዘንጉ ርዝመት ከአዲሱ ጋር መመሳሰል አለባቸው። ግፊትን ብቻ የሚያስተነፍስ፣ የሙቀት ዘንግ የሌለው ቫልቭ በመልክ ስለሚመሳሰል በስህተት ይገዛል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ከፍ ያለ ግፊት የሚችል ቢገጠም ይሻላል የሚለው ሐሳብም አደገኛ ነው።

ጋዝና ኤሌክትሪክ ጠፍተው፣ ውሃው ቀዝቅዞ፣ ግፊቱም ከተነፈሰ በኋላ ውሃው ከቫልቩ ከፍታ በታች እስኪወርድ ያፍስሱ። አሮጌውን ሲፈቱ ቁልፉ የሚያርፈው በቫልቩ የግርጌ አካል ላይ ነው፤ በማንሻው ወይም በላይኛው ክፍል ይዘው አያዙሩት። እንቢ ካለ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭተው ጥቂት ይታገሡ፤ በተለይ በአሉሚኒየም ታንክ ላይ ትዕግሥት ከጉልበት ይበልጣል፤ የተላጠ ጥርስ ታንክ ያስቀይራልና። የታንኩን ጥርስ በብሩሽ ያጽዱ። በአዲሱ ቫልቭ ላይ ቴፍሎኑን ሁለት ሦስት ዙር ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠምጥሙ፤ የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ይተዉት፤ እንዲህ ካልሆነ ቁራጩ ወደ ታንኩ ይገባል። በእጅ ከጀመሩ በኋላ በቁልፍ አጥብቀው የውሃ መውጫው ወደ ታች ሲያመለክት ያቁሙ። ካለፈ ወደ ኋላ አይመልሱት፤ ወይ ሌላ ዙር ያጥብቁ፣ ወይ አውጥተው በአዲስ ቴፍሎን ይጀምሩ።

ከሙቅ ውሃ ቧንቧው ውሃ ሳይቆራረጥ መውጣቱን ሳያዩ ኤሌክትሪኩን አያብሩ። ውሃውን በኤሌክትሪክ የሚያሞቀው ሪዚስታንስ በባዶ ታንክ ውስጥ ከበራ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል።

ከክረምት በኋላ መጀመሪያ ሳበራው ወዲያው ማፍሰስ ጀመረ።

ሁለት ነገር ይዩ። አንደኛው ባይፓስ ነው፦ ለብርድ ወራት ውሃው በማሞቂያው እንዳያልፍ የዘጓቸውን ቫልቮች ሳይመልሱ ማሞቂያውን አብርተው ከሆነ፣ በታንኩ ውስጥ የቀረው ውሃ በሁለቱም በኩል ታሽጎ ይሞቃልና ግፊቱ መውጫ የሚያገኘው በሴፍቲ ቫልቩ ብቻ ነው። ሌላው በረዶ ነው፦ ውሃ ሲረጋ 9 ከመቶ ያህል ስለሚሰፋ፣ ሳይፈስስ የከረመ ታንክ ቫልቩም መገጣጠሚያውም ሊሰነጠቅ ይችላል።

የእኔ ካራቫን የትሩማ ማሞቂያ አለው፤ ውሃውን በሙሉ ከሥር አፈሰሰው። ይኸው ችግር ነው?

አይደለም። ትሩማ ማሞቂያዎች ላይ ያለው የበረዶ መከላከያ ቫልቭ በአካባቢው ያለው ሙቀት ከ3 ዲግሪ በታች ሲወርድ በራሱ ተከፍቶ ታንኩን ያፈስሳል፤ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በላይ ካልሆነ ደግሞ መልሶ ለመዝጋት እንቢ ይላል። በብርዳማ ሌሊት ማግስት ውሃው ከጠፋብዎ መጀመሪያ ካራቫኑን ከውስጥ ያሙቁ፣ ከዚያ መክፈቻውን ወደ ቦታው መልሰው ይሙሉ።